ጩኸትና ሳቅ፣ ከወዳጅ እጅ

በእኛ አገር ዜማ ይቀረጻል፣ ቀልድ ይነገራል፣ መጽሐፍ ይታተማል፤ «ይህን ስማ፣ ያንን እለፈው» የሚል ሐያሲ ግን በብዛት ኖሮን አያውቅም። ያንን ሥራ ያለ ደመወዝ ሲሠራ የኖረው ወዳጅ ነው። ካሴቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሲዲው በካፖርት ኪስ ተሸጉጦ፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ ተልኮ ይመጣል። ከዕቃው ጋር «እንዴት አገኘኸው?» የሚል ጥያቄም አብሮ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ሰጪውን እንደ መናቅ ነው፤ «አልጣመኝም» ማለት ደግሞ የሚወደውን ነገር አውጥቶ ያሳየንን ሰው ማሳፈር ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ገና አልሰማሁትም» እያልን ዓመት እናሳልፋለን።

የምኖረው ቦሌ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት አበዳሪዎች አሉኝ። አንዱ ገርጂ የሚኖር፣ ጊታር የሚጫወት ወጣት ነው፤ ከባድ የሚባለውን የሮክ ሙዚቃና የአሜሪካኖችን የመድረክ ቀልድ ይልክልኛል። ሌላው ከመገናኛ ወዲያ፣ በሲ.ኤም.ሲ. በኩል በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የድሮ ካሴት ያውሱኛል። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ በአንድ ነገር ግን ሳይተዋወቁ ይስማማሉ። ወጣቱ «ጋሼ፣ እኛ አገር ከባድ ሙዚቃ የለም፤ ሁሉም እንጉርጉሮ ነው» ይለኛል፣ በቁጭት። ሽማግሌው ደግሞ ወጣቱ ስለላከልኝ አሜሪካዊ ቀልደኛ ሳጫውታቸው «ሰው ብቻውን ቆሞ የገዛ ገበናውን እያወራ ሰው ያስቃል? ይህስ የእኛ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ፣ በንቀት። የአንዱ ቁጭት ነው፣ የሌላው ንቀት፤ መዝጊያቸው ግን አንድ ነው፦ «የእኛ አይደለም»። እኔ ከሁለቱም የምለየው እዚህ ላይ ነውና ምክንያቴን ልዘርዝር።

ከወጣቱ ልጀምር። መጀመሪያ የላከልኝ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣውን የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ አልበም ነው። አልበሙ የሚከፈተው በዝናብ፣ በነጎድጓድና በደወል ድምፅ ነው። የሰማሁት በሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ይሁን ከማጫወቻው ውስጥ መለየት አቅቶኝ፣ ደወሉንም የመድኃኔ ዓለም ደወል መስሎኝ ቀና አልሁ። ከዚያ ጊታሩ ገባ። ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዝግ ያለ፣ የተጎተተ፣ የከበደ። የቤቱ መስኮት ነዘረ። ወደድሁት ለማለት ጊዜው ገና ነበር፤ ግን ተነሥቼ አላጠፋሁትም።

የዚህ ጊታር ባለቤት ቶኒ አዮሚ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም፣ በብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነው። ጊታር አበቃለት ብሎ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት የፋብሪካው አለቃው አንድ ሸክላ ይዞለት መጣና «ስማው» አለው። ልጁ መስማት አልፈለገም፤ አለቃው ግን ለመነው። የተቀረጸው ጃንጎ ራይንሃርት የተባለ ጊታሪስት ነበር፤ ካዳመጠው በኋላም አለቃው ይህ ሰው በእሳት አደጋ ከተጎዳ በኋላ በሁለት ጣቶች ብቻ እንደሚጫወት ነገረው። አዮሚ ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክሮች ፈልጎ አሰረ፣ በኋላም ክሮቹን ያላላቸው ጀመር። ዓለም «ከባድ» የሚለው ድምፅ ከዚህ ቁስል ጋር የተያያዘ ነው። የዚያ አለቃ ስም በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ በትልቁ አልተጻፈም፤ አንድ ሸክላ ይዞ ባይመጣ ኖሮ ግን የዚህ ወጣት ወዳጄ ክፍል ግድግዳ ምን እንደሚለጠፍበት እንጃ።

አሁን ስለነዚያ ሦስት ድምፆች አንድ ነገር ልበል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ርቀት የቀድሞ የአውሮፓ የዜማ መምህራን «በዜማ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» ብለው የሰየሙት ነው፤ ጆሮን ስለሚቆረቁር ይሸሹት ነበር። ይህ ርቀት በእኛ አንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ ከአምስቱ ድምፆች መካከል ቁጭ ብሎ ይገኛል። ማሲንቆ ያለው ጎረቤት ካላችሁ አንቺ ሆዬን እንዲቃኝላችሁ ጠይቁትና ስሙት። ፈረንጅ ሰይጣን ብሎ የሸሸውን እኛ ሠርግ ላይ እናጨበጭብለታለን። ይህን ለወጣቱ ነገርሁት። ጊታሩን አንሥቶ ሞከረው፤ ለረጅም ጊዜም ምንም አልተናገረም።

ቅኝቱ ግን ትንሹ ማስረጃዬ ነው። ትልቁ ፉከራ ነው። ሽለላና ፉከራ ምን እንደነበሩ አሁን በትምህርት ቤት የባህል ቀን በሚቀርበው መጠን ብቻ የሚያውቅ ትውልድ መጥቷል፤ የካርቶን ጋሻ፣ የፕላስቲክ ጎራዴ። ዋናው ነገር እንዲህ አልነበረም። ሰውየው ከዘመቻ በፊት ወይም ከድል በኋላ በጌታው ፊት ይወጣል፤ «ዘራፍ!» ይላል፤ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ጦሩን ይሰብቃል፤ የገደለውንና የማረከውን፣ የአባቱንና የፈረሱን ስም ይጠራል። ድምፁ ከደረቱ ሳይሆን ከጉሮሮው ጫፍ ይወጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ሆን ተብሎ ይሰነጠቃል። ዛሬ የሮክ ጊታሪስት ድምፁን ለማሻከር በእግሩ የሚረግጣት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ፎካሪው ያንን ሥራ በጉሮሮው ይሠራው ነበር። ዙሪያውን የቆመው ሰውም ዝም ብሎ አይሰማም፤ ይቀበላል፣ ያጋፍራል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ከባድ ሙዚቃ ማለት የሰማውን ሰው ከተቀመጠበት የሚያስነሣ ከሆነ፣ እኛ ከኤሌክትሪክ በፊት ነበረን።

ይህን ጩኸት ወደ ሳክስፎን ያስገባው ጌታቸው መኩሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለደ፤ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ሞከረ፤ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተቀጠረ፤ በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ገባ፤ በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀለ። ማለትም እንጀራው የማርሽና የቤተ መንግሥት ሙዚቃ ነበር፤ በኖታ፣ በደንብ ልብስ። ከዚያ በመሣሪያው መሸለል ጀመረ። ሲጫወት የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ የአርበኛ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ኩባንያ በኩል የወጣውን ሸክላውን የሰሙ የውጭ ሐያስያን በአሜሪካ በዚያው ዘመን ከተነሡት ነፃ የጃዝ ተጫዋቾች ጋር አመሳስለውታል። እኔ ግን ለማን እንደሚመስል ሳስብ የምሰማው አንድ የይፋት ሽማግሌ በለቅሶ ቤት የሟቹን ጀግንነት እየጠራ ሲፎክር ነው። ሳክስፎኑ ቃል የለውም፤ ግን የት ላይ «ዘራፍ» እንዳለ ይታወቃል።

ሦስተኛው ሰጪዬ ከአምስተርዳም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለፈ የልጅነት ባልንጀራዬ ነበር። ከሻንጣው ውስጥ ከቸኮሌቱ በታች «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሲዲ አውጥቶ ሰጠኝ። ዘ ኤክስ የሚባለው የኔዘርላንድ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ፣ የፐንክ ሰዎች ስብስብ ነው፤ ለመንግሥት ግድ የሌላቸው፣ ጊታራቸውን እንደ መዶሻ የሚይዙ። በ2002 ኢትዮጵያን እየዞሩ ተጫውተዋል። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓላቸውን ሲያከብሩ ጌታቸው መኩሪያን ጋበዙት። እርሱም ሰማቸውና አብረውት አልበም እንዲሠሩ ጠየቃቸው። ሲዲው በ2006 ወጣ። ጌታቸው ያን ጊዜ 71 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ አልበም ለባልንጀራዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ «ጊታሮቹ የቀሩት ጦረኞች ናቸው» አልሁት። ለአንባቢ ግን ላብራራው። በድሮዎቹ ሸክላዎች ላይ ጌታቸውን የሚያጅበው ባንድ ጨዋ ነው፤ ከኋላው ቆሞ በትሕትና ይመታል፤ ፎካሪው ብቻውን ይፎክራል። ፐንኮቹ ግን ጨዋነት አያውቁም። እርሱ «ዘራፍ» ሲል እነርሱ ይቀበላሉ፣ ይገፉታል፣ ይጮሁበታል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ተቀባይ ያጣ ፉከራ ተቀባዩን ያገኘው ከሆላንድ ሰዎች ዘንድ ነው። ይህ ያስደስታል ወይስ ያሳዝናል? እኔ ሁለቱም ተሰምቶኛል። አዲስ አበባ ላይ ተቀባይ የጠፋው ሕዝቡ ስላልወደደው አይደለም። ከአብዮቱ በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ ለብዙ ዓመታት የከተማዋን ሌሊት ዘግቶት ነበር፤ የሆቴል ባንዶች በር ተዘግቶባቸው ከእንግዶቻቸው ጋር እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ሸክላ አሳታሚው አምኃ እሸቴ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የሀገር ፍቅርን የብቸኝነት መብት ተጋፍቶ በአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ሥራ የጀመረው ያ ደፋር፣ በ1975 ከአገር ወጣ። ጌታቸው ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. አረፈ።

እንዲያውም ዓለም ይህን ሙዚቃ የሰማው በወዳጅ ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለሚባል ፈረንሳዊ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ወዳጁ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አሰማው። ሰውየው ወደ ካሴት እየገለበጠ ለሚያውቃቸው ሁሉ ላከ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ፤ በ1986 ያ ዜማ በአውሮፓ ታተመ፤ ከዚያም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ ተወለደ። 14ኛው ቅጽ የጌታቸው ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥም ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለመንገዱ የሚሆን ሲዲ ያዘጋጅለታል፤ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ነው። ደራሲው ይህን ነገር ከየት እንዳገኘው አልመረምርም፤ ጎረቤቱ ግን በትክክል የተሳለ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሳይጠየቅ ይመርጣል፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል።

ወጣቱ ወዳጄ በመጨረሻ የላከልኝ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ ያዘጋጀው፤ የጂጂን ሥራዎች የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ያውቀዋል። በአፋር ምድር እሳቱ በሚንተከተክ ተራራ የተሰየመ አልበም እሳት ይጠበቅበታል። ጊታሩ እሳት አለው፤ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ተቀባብለው ሲገቡም የአገር ቤት የጭፈራ ክብ ትዝ ይለኛል። አንዳንዱ ዘፈን ግን ለእኔ ጆሮ እጅግ የታጠበ ነው፤ ጉሮሮው አይሰነጠቅም። ይህን ስነግረው ወጣቱ ተቆጣ፤ «ጋሼ፣ እነርሱ በር ከፋቾች ናቸው» አለኝ። ልክ ነው፤ በር ከፋች መሆናቸውን አልክድም። በሩ ግን ከውስጥም መዝጊያ እንዳለው፣ ከውስጥ በኩል ጌታቸው ቆሞ እንደነበር እንዲያውቅ ፈለግሁ።

ወደ ሳቁ ልሻገር። ወጣቱ ከልኮልኝ ቀልዶች ውስጥ ሪቻርድ ፕራየር በሎስ አንጀለስ ያቀረበውና በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ይገኝበታል። ፕራየር ከሁለት ዓመት በፊት በአደንዛዥ ዕፅ ሰክሮ ራሱን በእሳት አቃጥሎ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ነው። ቀይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ብቻውን ይቆምና ያንን ይተርካል፤ ሱሱን፣ ፍርሃቱን፣ ሆስፒታሉን። ሰዎች በእርሱ መቃጠል ላይ የቀለዱትን ቀልድም ራሱ መልሶ ይነግራቸዋል። መጀመሪያ ስመለከተው አልሳቅሁም። ገበና በአደባባይ ሲዘረገፍ ዓይንን ወደ መሬት ማድረግ ያደግሁበት ሥርዓት ነው። ሁለተኛ ስመለከተው ግን ሳቁ የመጣልኝ ካልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ሰውየው በራሱ ቁስል ላይ እየፎከረ መሰለኝ።

ሽማግሌው «የእኛ አይደለም» ያሉት ይህን ነው። እኔ ግን አለቃ ገብረ ሃናን ጠቀስሁላቸው። የፎገራው ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን ኖረው ያለፉ፣ ተረቶቻቸው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ የደረሱን ናቸው። በተረቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት ራሳቸው አለቃ ናቸው፤ አሸናፊዋም ሚስታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ። የገዛ ቤታቸውን ጓዳ፣ የገዛ ሆዳምነታቸውን፣ የገዛ ድህነታቸውን ነው ሰው እየሳቀበት የኖረው። ገበናውስ ከዚህ ወዲያ ምን ይወጣል? ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እሳቸው ግን በሰምና ወርቅ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ፕራየር ቁስሉን ገልጦ ያሳያል፤ አለቃ በሰም ይሸፍኑትና ወርቁን እንድንፈልግ ይተዉናል። መጋለጡ ግን የሁለቱም ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ተክሌ የሚባለውን አቋቋም፣ ያን መቋሚያው ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዝበትን ውብ ዝማሜ፣ የቀመሩት እኚሁ ቀልደኛ አለቃ ናቸው ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። ከጎንደር ሊቃውንት ተቃውሞ ገጥሞት በደብረ ታቦር እንደተስፋፋ ይተረካል። ስለዚህ ሙዚቃውንና ቀልዱን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማስቀመጤ የሚያስገርመው ሰው ካለ፣ እኔ ከአለቃ አልብስም።

ብቻውን ቆሞ የሚያስቅ ሰው ከፈለግን ደግሞ አዝማሪው አለ። ማሲንቆውን ይዞ በእንግዳው ፊት ይቆምና ራሰ በራውን በራሱ፣ ቆንቋናውን በቆንቋናነቱ ይሰድበዋል፤ ተሰዳቢው ይስቃል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው አዝማሪው ያንኑ መልሶ ያዜመዋል። በካዛንቺስ ብዙ ሌሊት ይህን አይቻለሁ፤ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ከቤቶቹ ጋር የሄደው ይህ መቀባበል ጭምር ነው።

በደርግ ዘመን ቀልድ ሌላ ጠባይ ነበረው። ዘፈን የሰጠህን ሰው ስም በኩራት ትጠራለህ፤ የፖለቲካ ቀልድ የነገረህን ሰው ስም ግን አትጠራም። «ሰዎች ሲሉ ሰማሁ» ተብሎ ይጀመራል፤ ከመነገሩ በፊትም በክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ በዓይን ይቆጠራል። ቀልድ መንገር ማለት «አምንሃለሁ» ማለት ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች አሁንም ቀልድ ሲጀምሩ ወደ በሩ ዞር የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ ቀልዱ ከሹክሹክታ ወጥቶ ካሴትና ቴሌቪዥን ውስጥ ገባ። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። ልብ በሉ፤ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ይገረማል፣ ይቆጣል፣ ይጠይቃል። ፎካሪው ተቀባይ እንደሚፈልገው፣ አዝማሪው ስንኝ ሰጪ እንደሚፈልገው፣ ቀልደኞቻችንም መልስ ሰጪያቸውን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ፕራየር ይህን ሥራ ለታዳሚው ትቶታል። አለባቸው ቆየት ብሎ ብቻውን «አለቤ ሾው»ን አዘጋጀ፤ ከቀልደኛነትም አልፎ የተቸገሩ ሰዎችን ታሪክ ወደ አደባባይ የሚያወጣ ሰው ሆነ፤ በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አረፈ። ለቅሶው የት ድረስ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

ሽማግሌው ካዋሱኝ ካሴቶች መካከል የልመንህና የአለባቸው አንዱ ነው፤ ዋናው ግን አይደለም፣ ግልባጭ ነው። እርሳቸው እንደነገሩኝ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አልነበራቸውም፤ ከጎረቤት ሁለተኛ ቴፕ ተውሰው ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ አንዱ እያጫወተ ሌላው በማይክሮፎኑ እየቀዳ ነው የገለበጡት። ስለዚህ በካሴቱ ውስጥ ሁለት ሳቅ አለ። አንደኛው ከሩቅ የሚመጣ ነው፣ የመድረኩ ታዳሚ። ሁለተኛው ቅርብ ነው፤ የሳሎኑ። የስኒ ድምፅ ይሰማል፣ በር ይከፈታል፣ ሕፃን «እሹሩሩ» ይባላል፣ የሽማግሌው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ድምፅ «ዝም በሉ፣ እየቀዳ ነው!» ይላል። አንዲት ሴትም አለች፤ ባለቤታቸው ናቸው፣ አሁን በሕይወት የሉም። እርሳቸው ሁልጊዜ የሚስቁት ቀልዱ ከማለቁ በፊት ነው፤ ሌላው ሰው ገና እየጠበቀ ሳለ። ለምን እንደሆነ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

«ከገበያ ስትመለስ ጓደኛዋ ነግራታለች» አሉኝ፤ «ካሴቱንም ግዛ ያለችኝ እርሷ ነች።»